የልጆቻችን እጅ ሥራ እንዳይፈታ፦ ለጎጃም የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅ ጎጃም፣ ለምዕራብ ጎጃም፣ ለሰሜን ጎጃምና ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ትምህርት መምሪያዎች
ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች
ለርዕሳነ መምህራን፣ ለመምህራንና ለወላጆች

ጉዳዩ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የእጅ ሥራ ሰዓት እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሣር ስፌት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በቀርቀሃ ሥራ የምንተዳደር ባለሙያዎችና ሥዕል የምናስተምር መምህራን ነን። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ልጆች በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞላቸው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ በገዛ እጃቸው ዕቃ የሚሠሩበት ሰዓት ይኑራቸው።

ሥርዓተ ትምህርቱ አይፈቅድም እንዳይባል፣ የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ከታች ክፍል ጀምሮ አለ። ችግሩ ያ ሰዓት የሚያልፍበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጎጆ፣ አንድ ዛፍና አንድ ፀሐይ ይሥላል፤ ስልሳ ልጅ ያንኑ ይገለብጣል። አለበለዚያ «ከቤት ሠርታችሁ አምጡ» ይባልና እናት አምሽታ ትሠራለች፣ ወይም ከገበያ ይገዛል፤ ማርኩ ለልጁ ይሞላል። የልጁ እጅ ግን አልተሟሸም።

የዛሬ ልጅ ነገ ሠዓሊ፣ ቀራፂ፣ የልብስ ንድፍ አውጪ፣ አርክቴክት ወይም ሙዚቀኛ ቢሆን፣ የሚፈጥርበት አቅም የሚጠነሰሰው ገና በልጅነቱ ዕቃ እምቢ ሲለው ነው ብለን እናምናለን። ሣር ይሰበርበታል፣ ጭቃ ይሰነጠቅበታል፣ ክር ይሸሽበታል። ለምን እንደሆነ በጣቱ ያገኘዋል፤ ከዚያ መላ ይፈልጋል። በኋላ ፈጠራ ብለን የምናደንቀው ይህንኑ መላ ፍለጋ ነው። በሃያ ዓመቱ ሸራ ፊት የቆመ ሰው ይህን ከዜሮ ሲጀምር ምን ያህል እንደሚቸገር ሥዕል የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀለም መቀላቀል በአንድ ወር ይለመዳል፣ የዕቃን ጠባይ ማወቅ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር በስፌት እንጀምር። ከሁሉም ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው እሱ ነው።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለትንሽ ሙዳይ ክዳን የሚሆን ክብ ለመጀመር የሚያስፈልጋት እፍኝ የማይሞላ መሙያ ሣር (በዙር የሚጠቀለለው ውስጠኛው)፣ ተሰንጥቆ የተዘጋጀ መጠምጠሚያ (መሙያውን እየጠመጠመ የሚሰፋው)፣ አንድ ወስፌና አንድ እርጥብ ጨርቅ ነው። የስፌቱ ሣር፣ ማለትም ስንደዶውና አክርማው፣ ደርቆ ከተጠማዘዘ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከመስፋት በፊት ውኃ ይነከርና በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ውኃ ውስጥ ማሳደር ግን አያስፈልግም፤ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። የመሙያው ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከቀጠነ ልጅ ይሰለቻል፣ ከወፈረ ደግሞ መሃሉ ላይ መታጠፍ እምቢ ይልና መነሻው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል።

መነሻው ከተያዘ በኋላ ያለው ችግር የመጠን ነው። መሙያው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ዙር ከበፊተኛው ዙር ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጭማሪው መሃል ላይም ዳር ላይም ያው ነው፤ የመሙያው ውፍረት በስድስት ከሩብ ገደማ ሲባዛ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ስፌት ሦስት ሚሊ ሜትር ቦታ የሚይዝ ከሆነ በየዙሩ አሥር ያህል ስፌት መጨመር አለበት። ልጅቷ ሳትጨምር እያጠበቀች ከሄደች ክቡ ጠርዙን ያነሳና ጎድጓዳ ይሆናል። አብዝታ ከጨመረች ጠርዙ ይወላገዳል፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ይህን የክብ ዙሪያ ሕግ በሒሳብ ክፍል ከመማሯ ከዓመታት በፊት እጇ ላይ ታገኘዋለች። አንዴ ከገባት ደግሞ ስሕተቱን መሣሪያ ታደርገዋለች፦ ሰፌድ ስትፈልግ ትጨምራለች፣ ሙዳይ ስትፈልግ ጭማሪውን ታቆምና አዲሱን ዙር ከጎን ሳይሆን ከላይ ታስቀምጣለች።

ጥለት ሲገባበት ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል። በአምስት ቦታ የሚደገም ቅጠል ከፈለገች በየዙሩ አሥር መጨመሩ ይስማማታል፤ ለእያንዳንዱ ቅጠል ሁለት ሁለት ይደርሳል። ስምንት ቅጠል ካማራት ግን አሥሩ አይከፈልላትም። ያኔ ስፌቷን ወደ አራት ሚሊ ሜትር ታሰፋለች፣ በየዙሩ የሚጨመረውም ስምንት ይሆናል። የጥለቱ ምርጫ የስፌቱን ስፋት ወሰነ ማለት ነው። ሥዕል ላይ ቅርጽን ከቦታ ጋር ማስማማት የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ ልጅቷ ግን በቃል አልተነገራትም።

ደግሞ ስፌት ዙሩ የሚዘጋ ክብ አይደለም፣ እየዞረ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ጥለቱ መነሻው ላይ ሲደርስ አንድ እርከን ይዘላል። ይህን ዝላይ የፈለገ ቀለም መቀየሪያውን ሁልጊዜ በአንድ መሥመር ላይ ያደርግና ይደብቀዋል። የፈለገ ደግሞ ዝላዩን እያሳደገ ጠምዛዛ ጥለት ያደርገዋል። በተጨማሪ ስፌት ላይ ክብ አበባ አይወጣም፤ አለላው፣ ማለትም ቀለም የተነከረው ስንደዶ፣ የሚሄደው በትንንሽ እርከን ስለሆነ አበባው በግድ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። የመሶቦቻችን አልማዝ መሰል ቅርጾች የተወለዱት ሣሩ ከፈቀደው ላይ ነው። ይህን የሠራች ልጅ በኋላ በትንንሽ ካሬዎች የተከፈለ ወረቀት ላይ ንድፍ እንድታወጣ ብትጠየቅ፣ ወይም በኮምፒውተር ላይ ጥለት እንድትሠራ ብትቀመጥ፣ አዲስ ነገር አይሆንባትም።

ጥቂት ማሳሰቢያ ለመምህራን። ወስፌ ልጆችን የሚወጋው ወደያዘው እጅ ሲገፋ ነው። ከጀርባው የበቆሎ ቆረቆንዳ ይያዝና ወስፌው እሱ ውስጥ ይግባ፤ ጣት ይተርፋል። ግራኝ ልጅ ስፌቱ በተቃራኒው ይዞርለታል፤ ወደ ቀኝ አዙሩ ተብሎ አይገደድ፣ ሥራው አይበላሽም። ስንደዶ በፈላ ውኃ ቀለም መንከር የአዋቂ ሥራ ነው፤ ልጆች የተነከረውን ይቀበሉ። ቀለሙ ዝንጉርጉር ሆኖ ከወጣም ምክንያቱን ጠይቋቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስሩ ጠብቆ ውኃው መሃሉ ስላልገባ ነው።

ስፌት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይከብዳል። ከዚያ በታች ላሉት አገራችን ራሷ ያዘጋጀችው መንገድ አለ። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ነቅለው ሲጎነጉኑ፣ ወንዶች ለቡሄ ጅራፍ ሲገምዱ የሚማሩት የሦስት ዘንግ ጉንጉን የእጅ ሥራ ሁሉ መግቢያ ነው። ጅራፍ እንዲጮኽ ከመያዣው ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት፤ ያኔ ጫፉ ከድምፅ በፈጠነ ፍጥነት ይወረወርና ያጮኸዋል። ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ ጅራፍ ቢወናጨፍም ዝም ነው። ይህን የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ሞክሮ ይደርስበታል። እንግጫውንና ጅራፉን ትምህርት ቤት አምጡልን የምንለው በዓሉን ለማጌጥ ብቻ አይደለም፤ ነሐሴና መስከረም ላይ የተጀመረ እጅ ጥቅምት ላይ ክፍል ገብቶ እንዲቀጥል ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የበቆሎ አገዳ በየማሳው አለ። የአገዳ መኪና ጨዋታ ነው ተብሎ ይናቃል፤ ለኛ ግን የቅርጻ ቅርጽና የግንባታ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። የላዩ ቅርፊት በቁመቱ ተልጦ ችንካር ይሆናል፣ ለስላሳው ውስጥ ደግሞ አካል። ሁለት አገዳ በአንድ ችንካር ቢያያዝ ይዞራል፤ በሁለት ችንካር ቢያያዝ ይጸናል። አራት አገዳ ካሬ ቢሆን ሲነካ ይጋደማል፤ አንድ ሰያፍ ሲገባበት ቀጥ ይላል። ጎማው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው፣ ቀዳዳው በምስማር ይበሳል፤ ቀዳዳው ከመሃል በሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ከሳተ መኪናው እያነከሰ ይሄዳል። መሃሉን ለማግኘት ቆርኪውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ መዞር፣ ክቡን መቁረጥ፣ ሁለት ጊዜ ማጠፍ፤ እጥፋቶቹ የተገናኙበት ነጥብ መሃል ነው። ዘንጉ ደግሞ አንድ ቦታ መላላት አለበት። ጎማው ዘንጉ ላይ ከጠበቀ ዘንጉ በአካሉ ውስጥ ይፍታታ፤ ሁለቱም ከጠበቁ አይንከባለልም። ቢላዋ የሚነካ ሥራ፣ ማለትም መላጥና መቁረጥ፣ በዚህ ዕድሜ ለመምህሩ ወይም ለባለሙያው ይተው።

ወደ ሸክላ ስንመጣ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ብዙ ትምህርት ቤት ሸክላን የሚፈራው ማቃጠያ የለንም በሚል ነው። ማቃጠል ግዴታ አይደለም። ያልተቃጠለ ጭቃ ደርቆ ከታየና ከተመዘገበ በኋላ ተሰባብሮ ውኃ ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጭቃ ይሆናል። ለስልሳ ልጅ አንድ አንድ ኪሎ ቢታሰብ ስልሳ ኪሎ ጭቃ ለዓመቱ ይበቃል፤ ፕላስቲክ ውስጥ ታስሮ እርጥብ ከተቀመጠ ምንም አይሆንም። አፈሩን የሚያውቁት የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ከየት እንደሚቆፈር፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ ከእነሱ በላይ የሚናገር የለም። ተፈጭቶ የተነፋ ገል (የተሰበረ ሸክላ) ከአራት እጅ ጭቃ ጋር አንድ እጅ ቢቀላቀል ጭቃው ሲደርቅ መሰነጠቁ ይቀንሳል፤ ገሉ አንዴ ስለተቃጠለ አይኮማተርም፣ ሌላውን ይዞ ያቆየዋል።

ልጁ ጡጫ የሚያህል ጭቃ በሚገባ አሽቶ፣ አውራ ጣቱን መሃሉ ላይ አስገብቶ፣ ታቹ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ያቆምና ግድግዳውን እያዞረ በጣቶቹ ይቆነጥጣል። ግድግዳው ከስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ይሁን። የሚሰነጠቀው ሁልጊዜ ቀጭኑ ከወፍራሙ ቀድሞ ሲደርቅ ነው፤ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈንና ዕቃውን ጥላ ውስጥ ሳምንት ማቆየት ይህን ያድናል። ጆሮ ሲቀጠልበት ደግሞ ሁለቱም ፊት ይጫርና ቀጠን ባለ የጭቃ ውኃ ይለሰን። አካሉ ጠንክሮ ሳለ እርጥብ ጆሮ የለጠፈ ልጅ በማግሥቱ ጆሮውን መሬት ላይ ያገኘዋል፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የደረቀው ግን ቀድሞ ተኮማትሮ ጨርሷል። በሬ ለመሥራት የሞከረ ልጅም ቀጭን እግር አራት ጊዜ ከተሰበረበት በኋላ እግሩን ያወፍራል፣ አንገቱን ያሳጥራል፣ ቀንዱን ከራስ ቅሉ ጋር ያያይዛል። ያ አጭርና ወፍራም በሬ የገዛ ራሱ ስልት ነው። መምህሩ «በሬ እንዲህ አይደለም» ብሎ እንዳያርመው አጥብቀን እንለምናለን።

ዕቃው እንዲቃጠል ከተፈለገ ሸክላ ሠሪዋ ከራሷ ጋር በኩበትና በእንጨት ታቃጥለዋለች። ያልደረቀ ዕቃ ግን እሳት ውስጥ አይግባ፤ ውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል፣ የጎረቤቱንም ይሰብራል። ጉንጭ ላይ ሲያስቀምጡት ቀዝቃዛ ከሆነ ገና አልደረቀም።

ሽመናን በአጭሩ። ከካርቶን 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ በአጭሩ ጎን ላይና ታች በየሳንቲ ሜትሩ ይሰንጠቅ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ጠንካራ ክር ለድር (በቁመቱ) ይወጠር፤ ለማግ (በአግድሙ) ወፈር ያለ ክር ስምንት ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የሁሉም ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ወገቡ ይጠባል፣ ማጉን በቀጥታ ስበው ስለሚያጠብቁት ነው። ማጉ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎበጥ ብሎ ይግባና በማበጠሪያ ወደ ታች ይመታ፤ ጉብታው ሲወርድ ርዝመቱን ይሰጣል፣ ጠርዙም ቦታውን ይዞ ይቀራል። በእንጅባራ አካባቢ ደግሞ ቀርቀሃ ሞልቷል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ግንድ ይመረጥ፣ ለጋው ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ነቀዝም ቶሎ ይበላዋል። ባለሙያው ሰንጥቆ ጠርዙን ካለሰለሰው ልጆች አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በሚሰፋው ሰንጥቅ ያለ ክር ሊሸምኑ ይችላሉ።

ሙዚቃም ከዚህ አይወጣም። ከቆርቆሮ ጣሳና ከተወጠረ ክር የተሠራ የልጅ ክራር፣ ክሩ በግማሽ ርዝመቱ ሲያዝ ያንኑ ድምፅ አንድ ስምንዮሽ (ኦክቴቭ) ከፍ አድርጎ ይሰጣል። መሲንቆ በጎጃም የማያውቀው የለም፤ ነገር ግን የጭራው ፀጉር ያለ ሙጫ ለምን ዝም እንደሚል የሚያውቀው የሠራው ልጅ ነው።

አሁን «ይህ ሁሉ ከሥነ ጥበብ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚለን እንመልስ። በጎጃም ምድር ከሚጎበኙት ሥዕሎች ግንባር ቀደም የሆኑት በዘጌ ያሉት ናቸው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ጥጥ የፈተለችው፣ ጨርቁን የሸመነው፣ ግድግዳውን የለሰነው ሁሉ በሥዕሉ ውስጥ አሉ። በዘመናችን ደግሞ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ በቀርቀሃ ሰንጥቆች ላይ ሥሏል፤ ሥራዎቹን ሲያዩ የተወጠረ ድር ትዝ ይላል። ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር፣ ኋላም ከአዲስ አበባው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከምናለሽ ተራ በተገኘ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነና እየጠለፈ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቷል፤ በመተባበር ያቋቋመው የዞማ ሙዚየም ግድግዳም የጭቃና የጭድ ሥራ ነው። ክር፣ ጭቃና ቀርቀሃ እዚህ የልጆች መጫወቻ ሆነው አይታዩም፤ ዓለም የሚያያቸው የሥነ ጥበብ ሥራዎች ሆነዋል።

ከሌላው ዓለምም ምሳሌ አለ። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 የከፈተው የሕፃናት ትምህርት ቤት የክር ኳስ፣ የእንጨት ኪዩብ፣ ወረቀት ማጠፍና የወረቀት ሽመና ዋነኛ ሥራው ነበር። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እናቱ እ.ኤ.አ. ከ1876ቱ የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን በኋላ የፍሮቤልን የእንጨት ኪዩቦች ገዝታለት ነበር፤ በስተርጅናው የኪዩቦቹ ስሜት ጣቶቹ ላይ እንዳለ ጽፏል። ፊንላንድ የእጅ ሥራን በ1866 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ የግዴታ ትምህርት አድርጋ እስከ ዛሬ ታስተምረዋለች። ከዚህ በተጨማሪ አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ሩት-በርንስታይንና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስቶች ከሌሎች ሳይንቲስቶች ይልቅ የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ የትርፍ ጊዜ ልማድ በብዛት እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህ ዝምድናን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣው አያሰኝም፤ ስፌት የሰፋ ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል አንልም። ዕድሉን ግን ማንም ሊከለከለው አይገባም።

የሚነሳብንን ተቃውሞም እናውቃለን። በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት፣ ልጆች ፊደል እንኳ በረሱበት ጊዜ ስለ ስንደዶ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኛ ግን በተቃራኒው ነው የምናየው። ለዚህ ትምህርት ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ጥቂት ክርና ወስፌ ነው፤ ሌላው ከማሳ፣ ከሜዳና ከካርቶን መጣያ ይገኛል። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰዓት እንኳ በየደጁ ሊቀጥል የሚችል ትምህርት ነው። እጁ የሚሠራ ልጅ ደግሞ መቁጠር፣ መለካትና ታግሦ መቀመጥ አብሮ ይለምዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ በአፍ አይነገርም፣ በሆድ ነው ያለው። ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን የመናቅ ልማድ በአካባቢያችን አልሞተም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ዛሬም ግን ልጁ ጭቃ ሲነካ የሚቆጣ ወላጅ አለ። ወንድ ልጅ ስፌት ይዞ ከታየ ይስቁበታል፣ ሴት ልጅ መዶሻ ከያዘች ይነጥቋታል። የእጅ ሥራው ሰዓት ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ወንዱም ይስፋ፣ ሴቷም ትገጣጥም። ባለሙያዋ በትምህርት ቤቱ በር እንደ እንግዳ መምህርት ተከብራ ብትገባ ያ ንቀት ከየትኛውም ስብሰባ በላይ ይሰበራል።

የምንጠይቃችሁን በዝርዝር እናስቀምጥ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይያያዝ፤ በአርባ ደቂቃ ጭቃ አሽቶ፣ ሠርቶ፣ እጅ ታጥቦ መጨረስ አይቻልም፣ ግማሹ ሰዓት በመዘጋጀትና በማጽዳት ያልፋል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም አንድ ሥራ በአንድ ቀን አይሥራ፤ በአሥር በአሥር ይከፈልና ሁለት ቡድን ስፌት፣ ሁለቱ ጭቃ፣ ሁለቱ ሽመና ይያዝ፣ በየአራት ሳምንቱም ይቀያየሩ፤ ያኔ ሃያ ወስፌ ለሙሉ ክፍል ይበቃል። ሥራው ክፍል ውስጥ ይጀመር፣ ክፍል ውስጥ ይጨረስ፣ ወደ ቤት አይላክ። የአካባቢው ባለሙያ ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ ይጋበዝ፤ የሚከፈለውም በከተማው የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ያላነሰ ይሁን፣ በምስጋና ወረቀት ብቻ አይሸኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ቅርባችን ነውና ለመምህራን የክርና የሽመና አጭር ሥልጠና እንዲሰጥ ብትጠይቁት መልካም ነው።

ማርክ ላይ አንደራደርም፦ በእነዚህ አራት ክፍሎች ውበት አይታረም። ከአሥሩ አራቱ ልጁ የተበላሹበትን ሙከራዎች ቀን ጽፎ ላስቀመጠበት፣ ሦስቱ ለምን እንደተበላሸ በራሱ አንደበት ላስረዳበት፣ ሦስቱ ጀምሮ ለጨረሰበት ይሰጥ። የተወላገደው የመጀመሪያ ስፌት እንዲጣል አይደረግ፤ ከአምስተኛው ጎን ይሰቀል። መምህሩ የልጁን ሥራ ወስዶ ፈትቶ አያስተካክልለት፤ ፈትተህ ከየት እንደምትጀምር አሳየኝ ይበለው። ፈትቶ መጀመርን በስምንት ዓመቱ ያልለመደ፣ በኋላ ያልተሳካ ሥዕሉን ቀዶ ከመጣል ሌላ አያውቅም።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱ ያስገድደናል። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሳይደርቅ በፊት ነው፤ ያ ወቅት ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ሣር ከገበያ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ውሳኔያችሁ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢደርሰን፣ በነሐሴ ባለሙያዎችን በየወረዳው መዝግበን፣ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ከልጆቹ ጋር ለለቀማ እንወጣለን። በየወረዳው አንድ አንድ ትምህርት ቤት ለሙከራ ብትመርጡልን የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ሣርና ጭቃ እኛ በነፃ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎጃም የስፌት፣ የሸክላ፣ የሽመናና የቀርቀሃ ባለሙያዎችና የሥዕል መምህራን